የእትዬ ዝማም ቆዳ

ባለፈው የገበያ ቀን በባጃጅ ወደ ቤቴ ስመለስ አጠገቤ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች የሰው ሞት ያወራሉ።

«ያቺ ሸክላ ሠሪ ሞተች አሉ፤ ቆዳዋ የሚገፈፈው» አለች አንደኛዋ።

«ስንቱን ስትበላ ኖራ መጨረሻዋን ራሷን በላች» አለች ሌላዋ፣ የሽንኩርት ፌስታሏን እግሯ ሥር እያመቻቸች።

ሾፌሩን አውርደኝ አልኩት።

«ሲስተር፣ ሰፈርሽ ገና ነው እኮ» አለኝ።

«አውርደኝ።»

ወርጄ መንገዱ ዳር ቆምኩ። ለሴቶቹ የምመልሰው ብዙ ነበረኝ፤ ከንዴቴ ብዛት ግን ሳልናገረው ቀረሁ። ባጃጁ ሄደ። እነሱም ይህን ወሬ ይዘው ሄዱ፤ ማታ ለባሎቻቸው፣ ነገ ለጎረቤቶቻቸው ይነግሩታል። እኔም የማውቀውን ልናገር።

የሞቱት ሴት እትዬ ዝማም ይባላሉ። ወረታ ገበያ ጥጉን ይዘው፣ ገለባ አንጥፈው፣ ገንቦና ድስት እየደረደሩ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሸጠዋል። በፎገራ ሜዳ የእሳቸው እጅ ያረፈበት ዕቃ የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል። ዕቃው ቤት ይገባል፣ እሳት ዳር ይቀመጣል። ሠሪዋ ግን ከደጅ አያልፉም። በእኛ አገር ሸክላ የሚሠራ ሰው ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል ይባላል። ይህን የሚለው ሰው ወጡን የሚሠራው በማን ድስት እንደሆነ አያስታውስም።

እኔ የጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ያወቅኋቸው በአፋቸው ቁስል የተነሣ ነው። ተራቸው ደርሶ ሲገቡ ቀና ሳልል «አፍሽን ክፈቺ» አልኳቸው።

አልከፈቱም። እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ጭነው አዩኝ። ጥፍራቸው ሥር ጭቃ ደርቋል።

«ከእኔ በፊት የገባችውን ሴትዮ ‹እርስዎ› ስትያት በበሩ ሰምቻለሁ» አሉኝ። «አውቃታለሁ። እሷ ክርስትና ስትነሣ እኔ ጋን እሠራ ነበር።»

አፈርኩ። ይቅርታ ግን አልወጣኝም፤ «ይክፈቱ» ብቻ አልኩ። ከፈቱ።

ድዳቸው፣ የጉንጫቸው ውስጥ፣ የምላሳቸው ጠርዝ ተልጦ ቀዩ ሥጋ ይታያል። ሐምራዊውን የአፍ መድኃኒት ቀባኋቸውና ሸኘኋቸው። በሁለት ሳምንት ተመለሱ። ሌላ መድኃኒት ሰጠሁ። ተመለሱ። የኤች አይ ቪ ምርመራ ሁለት ጊዜ አደረግሁላቸው፤ ሁለቴም ነጻ ናቸው። ሰው ግን ወደ ምርመራው ክፍል ሲገቡ አየ እንጂ ውጤቱን አላየም፤ ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ሰፈር ገባ። አራት ወር እንዲህ ሆነ። በርበሬ የነካው ነገር አይቀምሱም፤ እንጀራ በውሃ ነክረው ነበር የሚውጡት። ሰውነታቸው አለቀ።

እኔ ምን አልኩ? የማውቀውን ሦስት ነገር ሞክሬ ሳይሳካ ሲቀር «የንጽሕና ጉድለት ሊሆን ይችላል፤ አፍዎን ቶሎ ቶሎ ይታጠቡ» አልኩ። አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት።

«ጭቃ ስለምነካ ቆሻሻ መሰልኩሽ ሲስተር?» አሉኝ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

በአምስተኛው ወር ደረታቸውና ጀርባቸው ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ወጣ። ስስ ነው፤ ልብስ ሲነካው ይፈርጣል፤ ሥሩ ያለው ሥጋ እሳት እንደላሰው ይቀራል። ከቁስሉ ራቅ ያለውን፣ ጤነኛ የሚመስለውን ቆዳ በጣቴ ገፋ ሳደርገው የተቀቀለ ድንች ልጣጭ ይመስል ተንሸራተተ። ደንግጬ እጄን ሰበሰብኩ። ይህን አዩ። ከዚያ ሁሉ ነገር ይልቅ እጄን መሰብሰቤን እንዳልረሱት ኋላ ነግረውኛል።

በዚያ ሰሞን ቦኖ ውሃ ላይ መጨረሻ እንዲቀዱ ተፈረደባቸው። ቀጥሎ የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ። የገበያ ቀን ነበር። ከሥራ ወጥቼ ቲማቲም ልገዛ ስሄድ እትዬ ዝማም ዘንድ ሰው ተሰብስቧል። አንዲት ሴት፣ ባሏ ሜዳው ላይ ሩዝ የሚያመርት፣ የገዛችውን ድስት መልሳ እግራቸው ሥር አስቀምጣለች።

«ውሰጅ ድስትሽን» አለች። «ልጆቼን አታስጨርሺብኝ። ያንን ቁስል በእጅሽ እያከክሽ ነው የምትሠሪው።»

እትዬ ዝማም አዩኝ። ነጩን ጋዋኔን አላወለቅሁም ነበር።

«እነሆ ሲስተር መጣች» አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «እሷ የተማረች ናት። ንገሪያቸው እስቲ። ይህ ነገር ይጋባል?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አላወቅሁም ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ግን ካየሁት ሁሉ ተላላፊ እንዳልሆነ ጠርጥሬ ነበር። ስድስት ወር አንድ መደብ ላይ አብራቸው የተኛችው ልጃቸው እናትነሽ አንዲት ነጥብ አልወጣባትም። ይህን ማለት እችል ነበር። ያልኩት ግን «ገና ነው... ምርመራ ያስፈልገዋል» ነው፤ እሱንም በማይሰማ ድምፅ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየና ተበተነ። ሌሎች ሁለት ሴቶችም ዕቃቸውን ሊመልሱ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እትዬ ዝማም የተመለሰውን ድስት አንሥተው በጣታቸው አንጓ አንኳኩት። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ።

«ደህና ድስት ሲያንኳኩት ይጮሃል» አሉኝ። «የማይጮኸው የተሰነጠቀው ነው።»

በማግስቱ የባሕር ዳር ሪፈራል ጻፍኩላቸው፤ በስድስተኛው ወር። ዘመድ ግን ቀድሞኝ ነበር። ወንድማቸው ወደ ወንዛዬ ወስዶ ፍል ውሃ አስገባቸው። ፍል ውሃ ስንቱን ወገብ፣ ስንቱን ጉልበት እንዳሻለ አውቃለሁ፤ የተላጠ ሥጋ ግን ፍል ውሃ አይወድም። የጀርባቸው ቆዳ በሙሉ ተነሣ። አብረዋቸው ይታጠቡ የነበሩት ከውሃው እየዘለሉ ወጡና ሰደቧቸው። እንፋሎቱ ውስጥ ብቻቸውን ሲቀሩ ልጃቸው ናት ያወጣቻቸው።

ከወረታ ባሕር ዳር ሩቅ አይደለም። እሳቸው ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ስለ ቁስላቸው ጠረን አጉረመረመና ረዳቱ እናትና ልጅን ሐሙሲት ላይ አወረዳቸው። ሌላ መኪና ሁሉ እያየ አለፋቸው። በማግስቱ በሬ የጫነ አይሱዙ ነው ከኋላ ያሳፈራቸው።

«በሬዎቹ ምንም አላሉኝም» አሉኝ ሲተርኩልኝ። እየሳቁ ነበር፤ ዓይናቸው ግን አይስቅም።

ሆስፒታል ያገኟት የቆዳ ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ዛሬም ስሟን በአክብሮት ነው የማስበው። ጓንት አድርጋ፣ ወንበሯን አስጠግታ፣ ከአፍ እስከ ጀርባ ሳትቸኩል አየቻቸው። ከውሃ ቋጠሮው ጠርዝና ከአጠገቡ ካለው ደህና ቆዳ ቁራጭ ወሰደች። ውጤቱ እስኪመጣ አልጋ ያዙ። ሲመጣ አስቀምጣ ነገረቻቸው። በሽታው ፔምፊገስ ይባላል። ቆዳችን ከደቃቅ ክፍሎች የተሠራ ነው፤ እነዚያን የሚያያይዝ ሙጫ አላቸው። ሰውነታችን ደግሞ በሽታ የሚከላከልበት ሠራዊት አለው። አንዳንድ ሰው ላይ ያ ሠራዊት ወገንና ጠላት መለየት ይሳነውና የራሱን ሙጫ ይመታል። ያኔ ቆዳ ከቆዳ ይለያያል፤ ክፍተቱ ውስጥ ውሃ ይቋጥራል። ከአፍ የሚጀምርበት ጊዜ ብዙ ነው። በመንካት፣ በዕቃ፣ በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው አይሄድም።

«ማን አዘዘው ሠራዊቱን?» ብለው ጠየቋት።

«አናውቅም እማማ» አለች ሐኪሟ።

እትዬ ዝማም ይህችን ቃል ወደዷት። «በሽታዬን ያላወቀልኝ ሰው አልነበረም» ይሉ ነበር። «ጠንቋዩ ያውቃል፣ ጎረቤቴ ያውቃል፣ አንቺም የንጽሕና ነው ብለሽ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የተማረችው ‹አናውቅም› አለችኝ። ያኔ ነው ያመንኳት።»

ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን ጀመሩ። መጀመሪያ ብዙ፣ ኋላ ቀስ በቀስ የሚቀነስ። ሐኪሟ ደጋግማ ያስጠነቀቀቻቸው አንድ ነገር ነው፤ በድንገት እንዳያቆሙ። ክኒኑ የሰውነትን የራሱን ጉልበት አስተኝቶ የሚሠራ ስለሆነ ድንገት ሲቀር ሰው ይወድቃል፤ በሽታውም ብሶ ይመለሳል።

ከሁለት ወር በኋላ ጤና ጣቢያው በር ላይ ሳያቸው አላወቅኋቸውም። ፊታቸው ከመድኃኒቱ የተነሣ ክብ ሆኗል። ቁስሉ ደርቆ ጠባሳው ብቻ ቀርቷል። ከመቀነታቸው ቃሪያ ፈትተው ፊቴ ቆመው ነከሱት። እያላመጡ እንባቸው ወረደ፤ ከቃሪያው ይሁን ከሌላ አልጠየቅሁም።

«ቁጭ በይ ላስተምርሽ» አሉኝ። እውነትም አስተማሩኝ። «ጭቃ ብቻውን ድስት አይሆንም። ስባሪ ገል ተፈጭቶ አብሮት ይታሻል፤ የሚያያይዘው እሱ ነው። እሱ ሲጎድል እሳት ሲነካው ይላጣል። የእኔ ቆዳ እንዲያ ነው የሆነው። ገባሽ?»

«ገብቶኛል እትዬ።»

«ከገባሽ በሚቀጥለው ገበያ አብረሽኝ ትመጫለሽ።»

ሄድኩ። ገለባቸው አጠገብ ቆሜ፣ ጋዋኔን ለብሼ፣ አይጋባም አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። አንዳንዱ ሰማ፣ አንዳንዱ ከንፈሩን ነከሰ። አንድ ሽማግሌ አንድ ጋን ገዙ። ሌላው እያየ አለፈ። የዘገየ እውነት ከቀደመ ወሬ እኩል እንደማይሮጥ ያን ቀን ገባኝ።

ከዚያ ወዲህ የጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር የእሳቸው ሆነ። ለክትትል ሲመጡ ተራ የሚጠብቀውን ሰው ቆዳ ያያሉ፤ ሳይጠየቁ ይመክራሉ። አንድ ቀን አያ ታከለ የሚባሉ የሩዝ ገበሬ ባለቤታቸው ደግፋቸው መጡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ክንዳቸውና ጭናቸው ላይ ትልልቅ የውሃ ቋጠሮ ተሰልፏል፤ ማሳከኩ እንቅልፍ ነሥቷቸዋል። ቤተሰቡ የሩዝ ማሳው ውሃ ያመጣው መስሎት ስንት ቅጠል ቀብቷል። ደግፋቸው የመጣችው ሴት ያቺ ድስት የመለሰችው ነበረች።

እትዬ ዝማም ተነሥተው ቋጠሮውን በጣታቸው ጀርባ ጫን አሉት።

«ሲስተር፣ የእሳቸው ጠንካራ ነው፤ አይፈርጥም። የእኔ ስስ ነበር» አሉኝ። «ግን ሠራዊቱ ያው ነው። ውሃው ጠልቆ ነው የቋጠረው። እንደ እኔ ስድስት ወር እንዳታቆዪያቸው።»

በዚያው ሳምንት ላክኋቸው። እውነትም የፔምፊገስ ዘመድ የሆነ፣ በሽማግሌ የሚበረታ በሽታ ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ የመጡ ቀን ግን፣ ከመሄዳቸው በፊት፣ እትዬ ዝማም ወደ ሚስትየዋ ዞሩ። ሴትዮዋ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«አንቺ ሴት፣ ባልሽን እንዳትሸሺው» አሏት። «አይጋባም። ይህን ለማወቅ እኔ ቆዳዬን ከፍያለሁ፤ ላንቺ በነጻ ሰጥቼሻለሁ።»

አያ ታከለ ተሻላቸው። እሳቸውም ያንኑ ክኒን ይወስዱ ነበር።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ለምን እንደተዘጋ አልዘረዝርም፤ እዚህ የሚኖር ሰው ያውቀዋል። መኪና የለም፣ አንዳንድ ቀን ስልክም የለም። የእትዬ ዝማም ክኒን ሊያልቅ ሲል መጋዘናችንን አስፈተሽኩ፤ አንድም የለም። ብርቅ መድኃኒት አይደለም፤ ለአስምም ለሌላም የሚታዘዝ ተራ ክኒን ነው። መንገዱ ሳይዘጋ ለምን እንዳልተጠየቀ ብጠይቅ «የሚፈልገው አንድ ሁለት ሰው ነው» ተባልኩ። አንድ ሁለት ሰው። ይህን ያለኝ ሰው ክፉ አይደለም፤ ወረቀት የሚሞላ ሰው ነው። እስካሁን ፊቱን ሳየው ደሜ ይፈላል።

የቀራቸውን ግማሽ፣ ከዚያ ሩብ እያደረጉ እንዲውጡ አደረግሁ። ከተማው ውስጥ ያለ መድኃኒት ቤት በር ሁሉ አንኳኳሁ። አፋቸው እንደገና ተላጠ። ደረታቸው ቀጠለ። በመጨረሻ የሩዙን ማሳ በእግሬ አቋርጬ አያ ታከለ ቤት ሄድኩ። ሽማግሌው አልነበሩም፤ ሚስትየዋ በሩ ላይ ተቀበለችኝ።

«አልቋል» አለችኝ፣ ጥያቄዬን ሳልጨርስ።

ከትከሻዋ በላይ መደርደሪያው ላይ የክኒኑ ካርቶን ይታየኛል። እንዳየሁትም አይታለች። ጭቃውን እየረገጥኩ ስመለስ በንዴት አለቀስኩ። ልፈርድባት አልችልም፤ ለባሏ ነው ያስቀመጠችው፤ እሳቸውም ካቆሙ ይወድቃሉ። ይቅር ልላትም አልቻልኩም። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም ያቃጥለኛል።

በማግስቱ ጠዋት አያ ታከለ በምርኩዛቸው ያን ሁሉ መንገድ መጥተው እትዬ ዝማም ቤት ደረሱ፤ እኔም እዚያ ነበርኩ። ከመሐረባቸው የክኒን ፍሬ ፈቱ።

«እሷ አታውቅም» አሉኝ ስለ ሚስታቸው። «የከለከለችሽም ፈርታ ነው።»

እትዬ ዝማም ከመደባቸው ቀና ለማለት ሞከሩ፤ አልቻሉም።

«ለአንቱስ ቀርቷል?» አሉ።

«አስቀርቻለሁ።»

«ስንት ቀን?»

አያ ታከለ ባዶ መሐረባቸውን አጣጠፉ።

«መልሰው ይውሰዱት» አሉ እትዬ ዝማም በቁጣ። «ድንገት እንዳያቆሙ ብዬ አልነበር? ያስተማርኩዎት የት ገባ?»

ሽማግሌው ክኒኑን መደቡ ጠርዝ ላይ አስቀምጠው ወጡ። እናትነሽ እናቷን አስዋጠቻቸው። ጥቂት ቀን ሠራ፤ ግን ቁስሉ ቀድሞ አመርቅዞ ነበር፤ ትኩሳቱ ገባ። ያለኝን የቁስል መድኃኒት ሁሉ ሰጠሁ። የሚያስፈልጋቸው በእጄ አልነበረም፤ የነበረው በተዘጋው መንገድ ማዶ ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት አረፉ። መንገዱ በሳምንቱ ተከፈተ። ክኒኑም መጣ። ዛሬ መደርደሪያው ላይ ሞልቷል።

ያረፉ ዕለት ቤታቸው ስደርስ የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ደጅ ላይ ያለቅሳሉ። ያቺ የአያ ታከለ ሚስት ከሁሉም አብልጣ ታለቅሳለች። ቄሱ በሩ አጠገብ ቆመው «ማን ይገንዛቸው?» ብለው ሦስት ጊዜ ጠየቁ። ሬሳ በማጠብና በመገነዝ የሚታወቁት ሁለቱ ሴቶች እዚያው ነበሩ። አንዷ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። ሌላዋ ወገቤን ያመኛል አለች።

«እጃቸው ከሠራው ድስት በልታችኋል» አልኳቸው። «በሕይወት ሳሉ አልነካችኋቸውም። ዛሬ ምን ያደርጓችኋል? ሬሳ ምን ያደርጋል?»

ቄሱ አቀረቀሩ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁና በሩን ከውስጥ ዘጋሁ።

እናትነሽ ለብ ያለ ውሃ አቅርባ ትጠብቃለች። ሁለታችን ብቻ ነበርን። ፊታቸውን አጠብን፣ እጃቸውን አጠብን፤ ጥፍራቸው ሥር ያለውን ጭቃ እናትነሽ በስንጥር አወጣችው። ጀርባቸው ላይ ቀሚሱ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ደርቋል። ውጭ ልቅሶው ይሰማል። ያ ልቅሶ እያናደደኝ፣ ጨርቁን ይዤ ልስበው ስል እናትነሽ አንጓዬን ያዘችኝ።

«ቀስ በይ ሲስተር» አለችኝ። «ያማታል።»

ውሃ አስጨመርኩና ጨርቁ እስኪርስ ጠበቅን።